ከአሜሪካ የመጣውን የ«ላየን ኪንግ» ካሴት እንደገና ለማጫወት

ታላቅ እህቴ ከዋሽንግተን በሰው እጅ የላከችው «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለው የዲዝኒ የካርቱን ፊልም ካሴት አዲስ አበባ የደረሰው በ1988 ዓ.ም. ለገና ነው። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ካሴቱን ዴኩ (የቪዲዮ ማጫወቻው) ውስጥ ስከተው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይንከባለል ጀመር፤ ድምፁም ተበላሽቶ ይጎተታል። እኔ በዚያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ ካሴት አከራይ ስለነበርኩ ችግሩ ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ግን በዓል ነው፣ ማታ ነው፣ ሌላ ዴክ ከየት ይመጣል? ልጆቹን ዳቦ ቆርሼ ሸኘኋቸው።

ያ ካሴት አሁንም ቤቴ አለ። ባለፈው ክረምት ከቁም ሳጥን ላይ ካወረድኩት ካርቶን ውስጥ ሻጋታ ይዞት አገኘሁት፤ አጽድቼው ዛሬ የልጅ ልጄ ታየዋለች። ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ እንዲህ ያለ የልጆች ፊልም ካሴት ካላችሁ አትጣሉት። እኔ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ወሬ ላጥፋ። «የድሮ የዲዝኒ ካሴት በሺህ ዶላር ይሸጣል» እየተባለ ይወራል። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ካሴቱ በአሜሪካ ለሽያጭ የወጣው በማርች 3 ቀን 1995 ሲሆን ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ይህን ያህል የተባዛ ዕቃ ብርቅ ሊሆን አይችልም። በይነመረብ ላይ የምታዩት ሻጩ የጠየቀው ዋጋ እንጂ ገዢ የከፈለው አይደለም። ካሴቱን ማዳን የሚገባው ለሌላ ምክንያት ነው። ፊልሙ በ2002 መጨረሻ አይማክስ ለሚባሉት በጣም ትልቅ ስክሪን ላላቸው ሲኒማ ቤቶች ሲዘጋጅ አንዳንድ ሥዕሎች እንደገና ተስለዋል፤ ትንሹ አንበሳ ሲምባ ንጉሥ ለመሆን ቸኩያለሁ እያለ በሚዘፍንበት ቦታ ያሉት አዞዎች ተቀይረዋል። በ2003 የወጣው ዲቪዲም የያዘው እነዚህኑ አዲሶቹን አዞዎች ነው። የ1995ቱ ካሴት ግን ልጆቻችን ያኔ ያዩዋቸውን አዞዎች እንደያዘ ነው።

አሁን ካሴቱን አንሱና ክሩን ተመልከቱ። ዴክ ውስጥ ለመክተት አትቸኩሉ። በካሴቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን ስታደርጉ የፊት ክዳኑ ይከፈትላችኋል። ክሩን በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ይጎዳዋል። ከዚያ በላይኛው መስኮት በኩል ጥቅሉን በባትሪ እያበራችሁ ከጎን እዩት። ጤነኛ ክር ጥቁር፣ ለስላሳና አንድ ወጥ ሆኖ ያብረቀርቃል። የእኔው ጥቅል ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ክብ ነበር፣ ዳር ዳሩን ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር። ይህ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ዴክ ውስጥ ከከተታችሁ ዴኩን ትበክሉታላችሁ፤ ዴኩ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚገባበትን ካሴት ሁሉ ይበክላል። ቪዲዮ ቤት ሳለሁ ከአንድ ደንበኛ በተመለሰ አንድ ካሴት የተነሳ በአንድ ሳምንት ስንት ካሴት እንደተበላሸብን አልረሳውም።

ሻጋታ ካለ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ካሴቱን ከማቀፊያው አውጥታችሁ አየር በሚገባበት ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት አቁሙት። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፤ ፕላስቲኩም ክሩም በሙቀት ይጣመማሉ። ሲደርቅ ሻጋታው ዱቄት ይሆናል፣ ለመጥረግም ይቀላል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉና በረንዳ ላይ ሥሩ። ልጆች አጠገባችሁ አይሁኑ፣ በተለይ አስም ያለበት ካለ።

ካሴቱን ገልብጡት። ከሥር አምስት ብሎኖች አሉ፤ አራቱ ማዕዘን ላይ፣ አንዱ መሐል አካባቢ። በባለ መስቀል ካቻቪቴ ፍቷቸው። ከዚያ መልሳችሁ በትክክለኛው ፊት አስቀምጡትና የላይኛውን ክዳን ቀስ ብላችሁ አንሱት። ወዲያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ክሩ በየትኛው ዘንግ በኩል እንደሚያልፍ፣ ትንሿ ስፕሪንግ የት እንደተቀመጠች ፎቶው ካልነገራችሁ ስትገጥሙት ግራ ትጋባላችሁ። ሁለቱን ጥቅሎች በፕላስቲክ እምብርታቸው ይዛችሁ አውጡ። ጠርዛቸውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከመሐል ወደ ውጭ፣ ሳትጫኑ ጥረጉ። ቀጥሎ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ ለምሳሌ የመነጽር መጥረጊያ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ አርጥባችሁ ጠርዙን ብቻ አብሱ። ሽቶም ሆነ አረቄ አይተካውም፤ ውኃና ቅባት አለባቸው። አልኮሉ ተኖ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና መልሳችሁ ግጠሙ።

የካሴቱ ቤት ከተሰነጠቀ ወይም ክዳኑ ከተሰበረ ማንኛውንም ርካሽ ካሴት ፈታችሁ ጥቅሎቹን ወደዚያ አዛውሩ። ቪኤችኤስ የሚባሉት እንዲህ ያሉ የቪዲዮ ካሴቶች ሁሉ አሠራራቸው አንድ ነው። ክሩ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የ88 ደቂቃው ፊልም ከ170 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ክር ጣታችሁ ላይ እንዳታፈሱት ጥቅሉን አጥብቃችሁ ያዙ።

አሁን ዴኩ። አዲስ ዴክ የሚሠራ የለም፤ የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው በ2016 ነው። ስለዚህ ከዘመድ ቤት ወይም ከምናለሽ ተራ ፈልጉ። ሻጩ «ይሠራል» ሲላችሁ አትመኑ፤ የማያሳዝናችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱና አስጫውቱት። አስገብቶ ማጫወቱ ብቻ አይበቃም፤ ወደፊትና ወደኋላ ማጠንጠኑን፣ ክር ሳይበላ መትፋቱንም እዩ።

እዚህ ላይ ነው የገና ማታው ችግር የሚመጣው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ በሚባል ሥርዓት ይሠራ ነበር፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ያህል ምስል። የእኛ አገር፣ የእስራኤልና የአብዛኛው አውሮፓ ፓል የሚባለው ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የክሩ ፍጥነት እንኳ አንድ አይደለም፤ የአሜሪካው በሰከንድ 3.3 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ የእኛው 2.3 ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ዴክ የአሜሪካ ካሴት ሲሰጠው ልጆቹ ያዩትን ዓይነት ምስል ያወጣል። ካሴቱ ግን ምንም አልሆነም። ዴክ ስትገዙ ፊት ለፊቱ ላይ «ኤንቲኤስሲ ፕሌይባክ» የሚል ወይም «መልቲ ሲስተም» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ቴሌቪዥኑ ብዙ አያሳስብም፤ የዛሬ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

«እህቴ ዴኩንም አብራ ትላክልኝ» የምትሉ ካላችሁ ከጀርባው ያለውን የቮልት ጽሑፍ ሳታነቡ ሶኬት ላይ አትሰኩ። የአሜሪካ ዴክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር በመሐል ካልገባ ይቃጠላል። አንድ የሰፈራችን ሰው አዲስ ዴክ እንደዚያ አቃጥሏል። ጭሱን አይቻለሁ።

ያገለገለ ዴክ ሄዱ (ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነበው ክፍል) ሳይጸዳ ካሴታችሁን አትስጡት። ከሶኬት ንቀሉት፣ ክዳኑን ፍቱ። መሐል ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ የቆመ የሚያብረቀርቅ ብረት ታያላችሁ። ሄዶቹ በዚህ ብረት ወገብ ላይ ያሉ፣ ዓይን የማይሞሉ ጥቃቅን ጫፎች ናቸው። ጥጥ በፍጹም አትጠቀሙ፤ የጥጡ ቃጫ ጫፎቹ ላይ ተይዞ ይቀራል። እኛ ቪዲዮ ቤት የምናደርገው እንዲህ ነበር፦ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቆርጠን በአልኮል እናርሳለን፤ ወረቀቱን ብረቱ ላይ ለጠፍ አድርገን ሳናንቀሳቅስ እንይዛለን፤ በሌላው እጅ ብረቱን ከአናቱ ይዘን ቀስ እያልን እናዞራለን። የሚዞረው ብረቱ ነው፣ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። ወደ ላይና ወደ ታች ካሻችሁት ሄዱ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ወረቀቱ ላይ ቡናማ መስመር ይቀራል። መስመሩ እስኪጠፋ ወረቀት እየቀየራችሁ ድገሙት። ክሩ የሚያልፍባቸውን ዘንጎችም አብሱ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ይድረቅ።

ቴሌቪዥናችሁ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ የሚሰካበት ቀዳዳ ከሌለው ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግዙ። የቴሌቪዥኑን የምስል መጠን 4 በ3 ላይ አድርጉ፤ አለዚያ የሲምባ አባት ሙፋሳ ወደ ጎን ተለጥጦ ይታያችኋል።

ከማጫወታችሁ በፊት ካሴቱን እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደኋላ አጠንጥኑት። ዓመታት ተቀምጦ የላላና የተጣበቀ ክር እኩል ተስቦ የሚጠቀለለው በዚህ ነው። መሐል ላይ ድምፁ ከከበደ ወዲያው አቁሙ፣ አታስገድዱት።

ለመፈተሻ የፊልሙ መክፈቻ ይበቃል። ጨለማው ላይ በዙሉ ቋንቋ የሚጮኸው የዘፋኙ የሌቦ ኤም ድምፅ ሲመጣ ቀዩ ፀሐይ ይወጣል። ድምፁ ሙሉ ሆኖ ከግራም ከቀኝም ከመጣ ሄዱ ንጹሕ ነው፤ እየተቆራረጠ አንዴ ሲደፈን አንዴ ሲከፈት ከሆነ ሄዱን እንደገና አጽዱ። የፀሐዩ ቀይ ከክቡ ወጣ ብሎ ትንሽ መፍሰሱ የቪኤችኤስ ባሕርይ ስለሆነ አትጨነቁ። ከምስሉ ግርጌ ወይም አናት ላይ የሚጨፍር ነጭ መስመር ካለ ግን ሪሞቱ ወይም ዴኩ ላይ «ትራኪንግ» የሚለውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ከፍ ዝቅ አድርጉ። የእኔ ካሴት ላይ መስመሩ የጠፋው ዝንጀሮው ራፊኪ ግልገሉን ከገደሉ ጫፍ ላይ ከፍ ሲያደርገው ነበር፤ ልጄ ከኋላዬ ቆማ «አባዬ፣ በቀለም ነው!» አለች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል እናት የሆነች ሴት ናት።

ካሴቱን ወደ ፍላሽ ልገልብጥ ብትሉ ብዙ የፊልም ካሴቶች መከላከያ አለባቸው፤ ቅጂው ላይ ምስሉ እየደመቀ እየጨለመ ያስቸግራል። ጥርት ያለ ምስል ለሚፈልግ ዲስኩን መግዛት ይሻላል። ዘመድ ስታስልኩ ግን ይህን ንገሩት፦ ዲስክ የሚጫወተው ለተመደበለት የዓለም ክልል (ሪጅን) በተሠራ ማጫወቻ ነው፤ የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው፣ የእኛ አገር 5፤ ከዲቪዲ የሚጠራው ብሉሬይ ደግሞ የአሜሪካው ኤ ነው፣ የእኛ ቢ። በ2018 የወጣው የፎርኬ ዲስክ (ከብሉሬይም የጠራ ምስል ያለው) ግን ክልል አይለይም፤ ለእሱ የሚሆን ማጫወቻ ያለው ሰው እሱን ያስመጣ። በ2003ቱ ዲቪዲ ላይ ሁለት ዓይነት ፊልም ምረጡ ይላል፤ አንዱ ሲኒማ ቤት ያልነበረ ዘፈን የተጨመረበት ነው። ለልጆች የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የ1994ቱን ምረጡላቸው፤ ዘፈኑ የተጨመረበት የንጋቱ ክፍል ሳይንዛዛ ያልፋል።

አይታችሁ ስትጨርሱ ካሴቱን መሐል ላይ አቁማችሁ አታውጡት፤ እስከ መጀመሪያው መልሱት። ማቀፊያው ውስጥ ከትታችሁ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ አታጋድሙት። ከድምፅ ማጉያ ይራቅ፤ ማግኔት አለው። ከወለልና ከእርጥብ ግድግዳም ይራቅ። እኔ ማቀፊያው ላይ ያጸዳሁበትን ቀን በእርሳስ ጽፌ አልጋችን አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ አውጥቼ በባትሪ አየዋለሁ።