ስትሪንግን መትረየስ የሚያስመስሉ ስህተቶች

በላፕቶፕ ስትሪንግ (ቫዮሊንና ቼሎን የመሰሉ የደጋን መሣሪያዎች) የሚያቀናብር ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የሳምፕል ቫዮሊኑ (ከእውነተኛ ቫዮሊን ተቀድቶ ኮምፒውተር የሚያጫውተው ድምፅ) ረጅም ዜማ ሲይዝ ያምራል፤ አንዱን ኖታ ስምንት ጊዜ እንዲደጋግም ሲታዘዝ ግን መትረየስ ይሆናል። ኮምፒውተሩ አንድ ቅጂ እየመላለሰ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ግን ሁለት ምት አንድ ዓይነት አድርጎ አይመታም፤ ደጋኑ ወርዶ ይወጣል፣ ክሩ ከቀደመው ምት የተረፈ ንዝረት ይዞ ይቆየዋል፣ እጁም ወደ ቀጣዩ ጠንካራ ምት እያመራ ነው።

ራውንድ ሮቢን ካለ ነገሩ አለቀ ማለት

ራውንድ ሮቢን ማለት ለአንድ ኖታ የተቀዱ የተለያዩ ምቶች ተራ በተራ መጫወታቸው ነው። አራት ቅጂ ያለው ላይብረሪ (የተቀዱ ድምፆች ስብስብ) ይዛችሁ በ4/4 አስራ ስድስተኛ ኖታዎችን ብትደረድሩ፣ በእያንዳንዱ የሪትም ምት (ቢት) ውስጥ አራት ኖታ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ ሁልጊዜ የምቱ መጀመሪያ ላይ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ሦስተኛው ቦታ ላይ ይወድቃል። ከአራቱ አንዱ ፒቹ (የድምፁ ከፍታ) ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ያ ጉድለት በየምቱ እዚያው ቦታ ይመለሳል፤ ጆሮም ቶሎ ይይዘዋል። በ6/8 ሦስት ቅጂ ሲኖራችሁም ያው ነው። ላይብረሪው በዘፈቀደ የመምረጥ አማራጭ ካለው ክፈቱት። ከሌለው በየሁለት ባሩ መጨረሻ ላይ አንድ ኖታ አውጡ፤ ዙሩ በአንድ ይዛወራል፣ ሐረጉም ትንሽ ይተነፍሳል።

ጭራሽ ራውንድ ሮቢን የሌለው ላይብረሪ ከሆነ ከጎረቤት ኖታ መበደር ይቻላል። ትራኩን አባዙት፣ በተባዛው ትራክ ላይ ሚዲውን (ለኮምፒውተሩ የተጻፉትን ኖታዎች) በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ፒች ቤንዱን (የድምፁን ከፍታ የሚያንሸራትተውን መቆጣጠሪያ) በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉት። የቤንዱ ክልል ሁለት ግማሽ ድምፅ ከሆነ ቁጥሩ 4096 ነው። አሁን ከሁለቱ ትራኮች ኖታዎቹን እያፈራረቃችሁ አጥፉ፤ ያው ኖታ በሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ይሰማል። ልዩነት ካልሰማችሁ ግን ላይብረሪው እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ አልቀዳም፣ ሁለቱም ኖታዎች ከአንድ ቅጂ የተሳቡ ናቸው ማለት ነው። ያኔ ሁለት ግማሽ ድምፅ ራቅ ብላችሁ ሞክሩ።

የደጋኑን አቅጣጫ መርሳት

ከሁሉም በላይ ቅንብርን የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። ማሲንቆ ተጫዋች እጁን ሲመላልስ በቅርብ ያየ ሰው ሁለቱ አቅጣጫዎች አንድ ድምፅ እንደማይሰጡ ያውቃል። ቫዮሊንም እንዲሁ ነው፤ ወደታች የሚሳበው ምት በተፈጥሮው ከበድ ይላል፣ ወደላይ የሚገፋው ቀለል ይላል። በአራት በአራት ቡድን ሲሆን ጠንካራው ምት ሁሌ ከወደታቹ ጋር ይገናኛል።

ችክችካ ለምታቀናብሩ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በ6/8 ሦስት ሦስት ኖታ ስለሆነ የመጀመሪያው ቡድን በመውረድ፣ ሁለተኛው በመውጣት ይጀምራል። ሁለቱም ጠንካራ ምቶች ናቸው፤ ቀለማቸው ግን ይለያያል። ስድስቱን ኖታዎች በቬሎሲቲ (የምቱን ኃይል በሚወስነው ቁጥር) 110 ላይ ከመደርደር ይልቅ 104፣ 78፣ 84፣ 97፣ 82፣ 76 ብላችሁ ጀምሩና ከከበሮው ጋር እየሰማችሁ አስተካክሉ። ላይብረሪው ወደታችና ወደላይ ምቶችን ለይቶ ከሰጣችሁ ደግሞ በትክክል መድቡላቸው።

አቀናባሪ ይህን ሕግ አውቆ ሊሽረው ይችላል። ኢጎር ስትራቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1913 ፓሪስ ላይ በቀረበው የባሌት ሙዚቃው ውስጥ ስትሪንጎቹ ተደጋጋሚዎቹን ኮርዶች በሙሉ በወደታች ደጋን እንዲመቱ ጽፏል። እያንዳንዱ ምት ከባድ ይሆናል፣ ደጋኑ ግን ተነስቶ ወደ መነሻው መመለስ ስላለበት በመካከል ክፍተት ይፈጠራል። እናንተም ይህን ክብደት ከፈለጋችሁ ክፍተቱን ተዉለት፤ በፈጣን አስራ ስድስተኛ ላይ አትሞክሩት።

ሂዩማናይዝ ተጭኖ መሄድ

ሂዩማናይዝ የሚባለው ቁልፍ ሰው የተጫወተው ለማስመሰል ቬሎሲቲውንም ሰዓቱንም በዘፈቀደ ይበትናል። ጥሩ ተጫዋች ግን ኃይሉን የሚለዋውጠው በምክንያት ነው። ሐረጉ ወደ አራተኛው ባር የሚያድግ ከሆነ እያንዳንዱ ቡድን ከቀደመው ትንሽ ይነሳል። መጀመሪያ ይህን ቅርጽ በእጃችሁ አውጡ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ራንደሙ ቬሎሲቲ ላይ ሦስት አራት ቁጥር፣ ሰዓቱ ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። እኔ ኪቦርዱ ላይ በሁለት ጣት እያፈራረቁ መጫወትን እመርጣለሁ፤ ሁለት ጣቶች እኩል ኃይል ስለሌላቸው የደጋኑን መመላለስ ሳይታሰብ ያመጡታል።

ኖታው የዘገየ ከመሰላችሁም አንድ በአንድ አትግፉት። ደጋኑ ክሩን እስኪይዝ የሚወስደው ጊዜ ቅጂው ውስጥ ስላለ ነው፤ የትራኩን ዲሌይ (የመዘግየት ቁጥር) ወደ ኔጌቲቭ ውሰዱትና ከከበሮው ጋር እስኪገጥም በጆሮ መዝኑ።

የቬሎሲቲ ድንበር ላይ መመላለስ

ለስላሳው ቅጂ እስከ 90፣ ጠንካራው ከ91 ጀምሮ ነው እንበል። 88 እና 93 እያፈራረቃችሁ ብትጽፉ በቁጥር ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በጆሮ ግን ሁለት ኦርኬስትራ ይሆናል። ድንበሩን አንድ ኖታ ቀስ እያላችሁ በመምታት ፈልጉትና ሐረጉን ከአንዱ ወገን አስቀምጡ፤ የምትሻገሩት አክሰንት (ጎላ ያለ ምት) ስትፈልጉ ብቻ ይሁን። አንዳንድ ላይብረሪ አጫጭር ኖታዎችን በሞድ ዊል (ኪቦርዱ ላይ ባለው ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ) ነው የሚያዘው፤ ቬሎሲቲውን ስትቀያይሩ ምንም ካልተለወጠ ወደዚያ ተመልከቱ።

ለሁሉም ፍጥነት አንድ ፓች (አንድ የአመታት ዓይነት)

በ140 ቢፒኤም (በደቂቃ 140 ምት) አንድ አስራ ስድስተኛ ኖታ ወደ 107 ሚሊሰከንድ ነው፤ እዚያ ስፒካቶ (ደጋኑ ክሩ ላይ የሚነጥርበት አጭር ምት) ይሠራል፣ ረዘም ያለ ስታካቶ (ተቆርጦ የሚመታ ኖታ) ግን እርስ በርሱ ይደራረባል። በ70 ቢፒኤም ስምንተኛ ኖታ ወደ 430 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ ስፒካቶው አልቆ በመካከል ባዶ ይቀራል። እዚህ አጭር ዴታሼ (ለእያንዳንዱ ኖታ የደጋኑ አቅጣጫ የሚለወጥበት ምት) ፈልጉ። ሰስቴይን (ረጅም ኖታ የሚይዝ) ፓች የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ተከታታይ ተመሳሳይ ኖታዎች እንዳይነካኩ አድርጉ። በሚዲ የመጀመሪያው ኖታ ማብቂያ ሁለተኛውን ይዞት ሊጠፋ ይችላል፤ ድምፁ ድንገት የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አምስቱንም ክፍል አንድ ነገር ማስመታት

አንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ሁሉም አስራ ስድስተኛውን ቢመቱ ሳምፕሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ወፍራም ጭጋግ ነው የሚወጣው። ድግግሞሹን ለሁለተኛ ቫዮሊንና ለቪዮላ ስጡ። ቼሎው ስምንተኛውን ይያዝ፣ ኮንትራባሱ ጠንካራ ምቶችን ብቻ በፒዚካቶ (ክሩን በጣት በመሳብ) ይንካ። አንደኛ ቫዮሊኑ ለዜማው ነፃ ይሆናል። ሪቨርቡን (የክፍል ማስተጋባቱን) ረዘም ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሪቨርብ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።