ስቲሚት ላይ ድምፅህን በአግባቡ ለመስጠት

እ.ኤ.አ. 2016 ላይ የተጀመረው ስቲሚት፣ ጽሑፍ ለጥፈህ አንባቢ በሚሰጥህ ድምፅ ልክ በዲጂታል ሳንቲም የምትሸለምበት ድረ ገጽ፣ "አንድ ሰው አንድ ድምፅ" አይደለም። ድምፅህ የሚመዝነው በያዝከው ስቲም ፓወር (አካውንትህ ላይ የተቆለፈ የስቲም ሳንቲም) ልክ ነው፤ ስለዚህ ዓሣ ነባሪ የሚባሉት ባለብዙ ሳንቲሞች አንዴ የድምፅ ቁልፉን ሲጫኑ የስንቱን ትንሽ ሰው ድምፅ ይውጡታል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ጽሑፉን አንብብ። ማን እንደደገፈው አትይ። ሙሉ ድምፅ ከድምፅ መስጫ አቅምህ 2 በመቶ ገደማ ይወስዳል፣ በቀን 20 በመቶ ይመለሳል፤ ማለትም በቀን ወደ 10 ሙሉ ድምፅ አለህና ዝም ብለህ አትበትነው። የአንድ ጽሑፍ ክፍያ ከተለጠፈ በ7 ቀን ይዘጋል፣ አዲስ ጸሐፊ ካየህ ቶሎ ድረስለት። ሳንቲምህ ብዙ ከሆነ ደግሞ፣ እባክህ፣ የራስህን ጽሑፍ እየደጋገምክ አትደግፍ፤ ሽልማቱ የሚወጣው ከጋራ ቋት ስለሆነ አንተ ስታፍስ የሌላው ይቀንሳል።