የሚቸገረውን ጀማሪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስንመዝን የምንሳሳተው

ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ የትም ሂዱ፣ ከሜዳው ዳር አንድ ዓይነት ፍርድ ትሰማላችሁ፦ «ይሄ ልጅ አይሆንም።» ፍርዱ የሚሰጠው በሁለት ጨዋታ፣ ቢበዛ በአንድ ወር ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ፈራጁ ያየው ልጁ ዛሬ ያለበትን እንጂ ከየት ተነስቶ በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነ አይደለም።

ነጥብ ቆጥሮ መፍረድ

በፈረንጆቹ 2013 ኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ከገቡት ሁለቱን ውሰዱ። ማይክል ካርተር ዊሊያምስ በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 16.7 ነጥብ፣ 6.3 አሲስት (ወደ ነጥብ የተቀየረ ፓስ) እና 6.2 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ያኒስ አንቴቶኩንምፖ 6.8 ነጥብ ነበረው፤ ቡድኑ ሚልዋኪም ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 15ቱን ብቻ ነው። ከዚያስ? ያኒስ በ2019 እና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፣ በ2021 ዋንጫ አነሳ። ካርተር ዊሊያምስ ያንን 16.7 ዳግም አላገኘውም። ጠጋ ብሎ ላየ ምልክቱ እዚያው ነበር። ካርተር ዊሊያምስ 22 ዓመቱ ነው፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ከወረወረው የገባው 26 በመቶ ገደማ ነው፣ በየጨዋታው ከሦስት ኳስ በላይ ያስነጥቃል። ያኒስ 19 የሞላው እዚያው የውድድር ዘመን መሐል ነው።

እኛ ጋ ነጥብ መቁጠር ይበልጥ ያሳስታል፤ በታዳጊ ጨዋታ ነጥብ የሚያገባው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ጡንቻ ያወጣው ወይም ኳስ የማያቀብለው ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙና ሌላ ነገር ቁጠሩ። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ሁለት ምልክት አድርጉ፦ አንዱ ለውሳኔው፣ አንዱ ለውጤቱ። ባዶ የቆመ ጓደኛውን አይቶ አቀብሎት ጓደኛው ቢስተው ውሳኔው ልክ፣ ውጤቱ ስህተት ነው። ሦስት ሰው መሐል ገብቶ በዕድል ቢያገባ የተገላቢጦሽ። በአምስት ጨዋታ ውስጥ የውሳኔው ዓምድ ከውጤቱ ዓምድ በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ልጁ ጨዋታው ገብቶታል፤ የጎደለው እጅና ጉልበት ነው፤ እሱ ደግሞ ይመጣል።

የሚያስነጥቃቸውንም ኳሶች ለዩ። ማንም ሳይጫነው እግሩ ላይ ድሪብል አድርጎ (አንጥሮ) የሚጥል፣ ወይም በየጊዜው ትራቭል (ኳስ ሳያነጥር መራመድ) የሚነፋበት ልጅ አንድ ነገር ነው። በጠባብ ቀዳዳ ፓስ ሊሰድ ሲል የሚነጠቀው ሌላ ነው። ለማጣራት ከጨዋታ በኋላ ሳትቆጡ «ምን አይተህ ነው?» በሉት። «ጥጉ ላይ ያለው ልጅ ባዶ ነበር፣ ዘገየሁ» ካለ ያዙት። «እኔ እንጃ» ካለ ሥራ አላችሁ።

በመጨረሻ ደቂቃ አስገብቶ መፍረድ

ይሄ ነው የሚያናድደው። ልጁ 38 ደቂቃ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እግሩ ደርቋል። ጨዋታው 20 ነጥብ ልዩነት ላይ ሲደርስ፣ ዋናዎቹ ሁሉ ሲወጡ፣ ከሌሎች አራት ተቀያሪዎች ጋር ይገባል። የመጀመሪያዋን ኳስ ይቀበላል፣ ይቸኩላል፣ ይጥላል። አሰልጣኙ እጁን ያወዛውዛል፦ «ና ውጣ!» ከዚያ ማታ «ዕድል ሰጥተነው ነበር፣ አልተጠቀመበትም» ይባላል። ምን ዕድል? እንዲህ የተፈተነ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳስ እንዳይደርሰው መደበቅ። በሚቀጥለው ጨዋታ ጥግ ይዞ ሲቆም ደግሞ «ፈሪ ነው» ይባላል። ራሳችን የሠራነውን ፍርሃት የልጁ ተፈጥሮ አድርገን መዘገብ ነው ይሄ።

እውነት ልታዩት ከፈለጋችሁ በየአጋማሹ ያልተቋረጠ ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ስጡት። ከዋናዎቹ ቢያንስ ሦስቱ አብረውት ይሁኑ፤ አለበለዚያ የምትመዝኑት እሱን ሳይሆን ግርግሩን ነው። ከመግባቱ በፊት «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስህተቶች አያስወጡህም» በሉት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። በዚህ ዓይነት ስድስት ወይም ሰባት ጨዋታ ካላለፈ ስለ ልጁ አስተያየት ባትሰጡ ይሻላል። ስቲቭ ናሽ በ1996/97 በኤንቢኤው ፊኒክስ ቡድን ውስጥ ኬቨን ጆንሰንና ጄሰን ኪድ ከፊቱ ቆመውበት በአማካይ 3.3 ነጥብ ብቻ ነበር ያገባው፤ በ2005 እና በ2006 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የሆነው እሱ ራሱ ነው።

ሹቱ አልገባም ማለት ሹት አይችልም ማለት አይደለም

እውነተኛ ችሎታው 35 በመቶ የሆነ ልጅ 20 የሦስት ነጥብ ኳስ ቢወረውር በዕድል ብቻ 3 ሊያገባ ይችላል፣ 11ም ሊያገባ ይችላል። በ20 ኳስ ልጅ የሚጥል ሰው ሳንቲም እየወረወረ ነው።

የኤንቢኤው ዲርክ ኖቪትስኪ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ1998/99፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ 68 ሞክሮ 14 ብቻ ነው ያገባው። በነፃ ውርወራ ግን 77 በመቶ ነበር። በዓመቱ የሦስት ነጥቡ 38 በመቶ ገደማ ደረሰ፣ አማካይ ነጥቡም ከ8.2 ወደ 17.5 ወጣ። ነፃ ውርወራ ርቀቱ አይለወጥም፣ የሚከላከል የለም፤ እጁን ብቻውን ያሳያችኋል።

ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ 100 ነፃ ውርወራ አስወርውሩት፤ በቀን አሥር አሥር፣ አሥር ቀን። ቆሞ ሳይሆን ሜዳውን ሁለት ጊዜ ከሮጠ በኋላ ይሁን። የገባውን ብቻ አትጻፉ፤ የሳተውም በየት በኩል እንደሳተ ጻፉ። አብዛኛው አጥሮ የሚቀር ከሆነ ጉዳዩ እግርና ጉልበት ነው፣ ይስተካከላል። ግራና ቀኝ የሚበተን ከሆነ ክርኑንና የእግሩን አቋቋም ተመልከቱ፤ ይሄ ረጅም ሥራ ነው። አንዱ አጥሮ፣ አንዱ አልፎ፣ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ከሆነ እያንዳንዱን ኳስ በሌላ መንገድ እየወረወረ ነውና ገና ሹት አልተማረም ማለት ነው። ፍርዱን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሜዳ ላይ የተወረወረ ኳስ ስለ ልጁ ብዙም አይናገርም። ጠዋት ፈትኑት። ግን በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ኳስ ውጪ ካደረ አየሩ ይቀዘቅዝና ይሞታል። ከ1.80 ሜትር ልቀቁት፤ ነጥሮ ሲነሳ አናቱ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ካልደረሰ ንፉት። በሞተ ኳስ ድሪብል የሚያቅተው ልጅ ጥፋተኛ አይደለም።

ዕድሜና አጥንት

በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች አካላቸው በሁለትና በሦስት ዓመት ሊበላለጥ ይችላል። ወንዶች በጣም የሚያድጉት 14 ዓመት ገደማ፣ ሴቶች 12 ገደማ ነው። በየወሩ ቁመቱን ግድግዳ ላይ፣ ተቀምጦም በአንድ በርጩማ ላይ ለኩት። በመጀመሪያ የሚረዝመው እግር ነው፣ ወገብና ደረት ቆይቶ ይከተላል። በዓመት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር በሚሄድበት ጊዜ ትናንት ያገባ የነበረውን ሌይአፕ (ወደ ቅርጫቱ ሮጦ ከቅርብ የሚጨርሰውን ኳስ) ዛሬ ቢስት አትደነቁ፤ የእጁና የእግሩ ርዝመት ተለውጦበት አዲስ ሰውነት እየተማረ ነው።

በዚሁ ጊዜ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን የአጥንት እብጠት በጣት ጫን በሉት። ካመመው ሲወረውር ጉልበቱን ማጠፍ ይፈራል፣ ሹቱ ያጥራል፣ ለሪባውንድ አይዘልም። ከሩቅ ሲታይ ስንፍና ይመስላል። ዝላዩን ቀንሱለት፣ ሕመሙ ከቆየ ሐኪም ይየው። ፍርዱ ይጠብቃል።

ቀጭን ነው ብሎ መጣልማ መልስም አያሻውም።

ረጅሙን ከቅርጫቱ ሥር ማሰር

በ14 ዓመቱ ከሁሉ የረዘመው ልጅ በ18 ዓመቱ መካከለኛ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ አድጎ ቀድሞ ቆሟል። ኳስ ይዞ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ ካልተጫወተ ያኔ ቦታ የለውም። በልምምድ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ እሱም ኳስ ይዞ ይውጣ፤ ብዙ ይጥላል፣ ይጣል።

ከቆላ የመጣውን በሁለት ቀን መመዘን

ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ከጣርማበር ማዶ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚጫወት ልጅ በሁለተኛው ሩብ ትንፋሹ ቢቆረጥ ሳንባው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሰውነቱ አየሩን ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ እጁንና ዓይኑን ተመልከቱ፣ ሩጫውን ተዉት።

ተስፋን መደበቂያ ማድረግ

ሌላው ጫፍም አለ፣ እሱም ልጅ ይጎዳል። ናሽንና ዲርክን እየጠሩ ሁሉንም «ይደርሳል» ማለት። ስማቸውን የምናውቀው ስለደረሱ ነው፤ ተቸግረው የቀሩትን ማን ይጠራቸዋል? ያኒስ በተመረጠበት ዓመት፣ ቡድኖች ተራ በተራ አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተጠራው አንቶኒ ቤኔት ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 4.2 ነጥብ አገባ፣ በአራት ዓመት በአራት ቡድን ተጫወተ፣ ከዚያ ከሊጉ ወጣ። ኤንቢኤ ውስጥ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ጀማሪ የሦስተኛ ዓመት ውሉ የሚወሰነው ገና አንድ የውድድር ዘመን እንደጨረሰ ነው፤ እነሱም ቸኩለው ይፈርዳሉ፣ ይሳሳታሉም። እኛ የሚያስቸኩለን ውል የለንም፤ ግን የልጁ ጊዜ አለ።

መለያው ይሄ ነው። አንድ ነገር ብቻ አርሙት፤ ለምሳሌ «በግራ ስትገባ በግራ እጅህ ጨርስ»። በየልምምዱ 20 አሠሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጨዋታ ውስጥ በግራ ከገባባቸው ስንቱን በግራ እጁ እንደሞከረ ቁጠሩ። ከስድስት አራቱን ሞክሮ አንድ ብቻ ቢያገባ ጥሩ ነው፤ የተነገረውን ወደ ጨዋታ ይዞ ገብቷል። ምንም ካልሞከረ ሌላ እርማት ስጡትና ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ስድስት ሳምንት አልፎ አንዱም እርማት ጨዋታው ውስጥ ካልታየ፣ እቤቱ ምን እንዳለ፣ ሳይበላ እንዳይመጣ፣ እናንተስ በሚገባው ቋንቋ መናገራችሁን መርምሩ። ይሄ ሁሉ ተጣርቶ ለውጥ ከሌለ ለልጁም ለወላጆቹም ፊት ለፊት ንገሯቸው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከመድረሱ አንድ ዓመት አስቀድማችሁ።