መብራት በሚጠፋበት ትምህርት ቤት ትንሽ ሰርቨር መትከል

እኛ ላብ ውስጥ ከራውተሩ አጠገብ አንዲት ራስበሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር) ተሰክታለች። ወርክሺቱ፣ ያለፉት ዓመታት የሞዴል ፈተናዎች፣ በኪዊክስ (ዊኪፒዲያን ያለ ኔት በሚያስነብብ ፕሮግራም) የተጫነው ዊኪፒዲያ፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው። ተማሪው ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝቶ ብሮውዘሩ ላይ 192.168.0.10 ብሎ ሲጽፍ ይከፈትለታል። ፓኬጅ አይቆርጥም፣ ኔት ቢጠፋም አይቆምም። እንዴት እንደተሠራች የሚጠይቁኝ የላብ ባለሙያዎች ስለበዙ እነሆ።

በመጀመሪያ መብራት። ፓይ 4 የምትፈልገው 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። በተራ የስልክ ቻርጀርም ትነሣለች፤ ሥራ ሲበዛባት ግን ስክሪን ከተሰካላት ጥጉ ላይ የመብረቅ ምልክት ይመጣል፣ ትንቀራፈፋለች፣ አንዳንዴም ራሷን ሪስታርት ታደርጋለች። ስለዚህ የራሷን ቻርጀር ግዙላት። ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶች የ5 ቮልት መውጫም አላቸው፤ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጀርባው ላይ ሳታነቡ ግን ብር አታውጡ። 2 ከሆነ ራውተሩን ያቆይላችሁ እንጂ ለእሷ አይበቃም። ዲቫይደሩ ላይም «አይነቀልም» ብላችሁ በፕላስተር ለጥፉ። የእኛ ጥበቃ ጋሼ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ሲመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚነቅሉት እሷን ነበር፤ አንድ ትርፍ ሶኬት ሲተውላቸው ጭቅጭቁ አበቃ።

መብራት በድንገት ሲሄድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሚሞሪ ካርዱ ነው፤ እየተጻፈበት እያለ ይቋረጣል። አቅም ካላችሁ ሲስተሙን በኤስኤስዲ (ከካርድ የሚጠነክር ፈጣን ዲስክ) ላይ ጫኑና ሰማያዊው ዩኤስቢ ላይ ሰኩት። ካልሆነም የራስበሪ ፓይ ማስተካከያው ውስጥ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚል ምርጫ አለ፤ ሲበራ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም። ጣጣው፣ አዲስ ፋይል ለመጨመር በፈለጋችሁ ቁጥር አጥፍቶ ሪስታርት ማድረግ ነው። በየሳምንቱ ወርክሺት የሚቀየርበት ቦታ ይሄ ያሰለቻል፤ እኔ ኤስኤስዲውን እመርጣለሁ።

ጭነቱ ራሱ ቀላል ነው። በራስበሪ ፓይ ኢሜጀር (ሲስተሙን ዲስክ ላይ በሚጽፈው ፕሮግራም) ላይት የሚለውን፣ ማለትም ዴስክቶፕ የሌለውን ሲስተም፣ ምረጡና ዲስኩ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ማስተካከያው ውስጥ ዩዘርኔም፣ ፓስወርድ፣ ኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ የምታዙበት) እና የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ሙሉ። ድሮ ሁሉም የሚያውቀው «ፓይ» የሚባለው ዝግጁ ዩዘርኔም ከ2022 ወዲህ ቀርቷል፤ የራሳችሁን ካላስገባችሁ አትገቡም። ከራውተሩ ጋር በኬብል እንጂ በዋይፋይ አታገናኟት፤ ዋይፋዩን ለተማሪ ተዉለት።

አድሬሷ እንዳይቀያየር በራውተሩ ገጽ ዲኤችሲፒ (ለየመሣሪያው አድሬስ የሚያድለው ክፍል) ውስጥ ገብታችሁ የፓይዋን ማክ አድሬስ (የመሣሪያዋን መለያ ቁጥር) ከ192.168.0.10 ጋር እሰሩት። የእናንተ ራውተር በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ በዚያው ሂዱ። ከውጭ እንድትታይ ብላችሁ ግን ራውተሩ ላይ ፖርት (ቁጥር ያለው የኔትወርክ መግቢያ በር) አትክፈቱ፤ ለግቢው ተማሪ የተዘጋጀን ነገር ለዓለም ማጋለጥ ምን ይጠቅማል?

ለገጾቹ ኤንጂንኤክስ (ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም) ጫኑ። እዚህ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ልብ ይበል፤ የመምህሩ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ደህና ሆኖ በሰርቨሩ ሲከፈት ዝባዝንኬ ምልክት ከሆነ ጥፋቱ የፎንት አይደለም። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛንም ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ) መቀመጡን አረጋግጡ፣ ከዚያ የኤንጂንኤክስ ማስተካከያ ውስጥ ቻርሴቱን ዩቲኤፍ-8 በሉት፤ ሰርቪሱ ሪሎድ ሲደረግ ፊደሉ ይመለሳል። የፋይል ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ፐርሰንትና ቁጥር የሞላበት ሁለት ሦስት መስመር ይሆናል፣ ተማሪውም ግማሹን ኮፒ አድርጎ «አይሠራም» ይላል።

ኪዊክስ በፖርት 8080 ይሂድ፣ ከመግቢያው ገጽ ሊንክ አድርጉለት። ከነምስሉ ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የአማርኛው ግን ትንሽ ፍላሽ ይበቃዋል። ትልቁን ከሌላ ቦታ በዲስክ ስታመጡ የዲስኩ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት አድርጉት።

ሰዓት ሌላው ጉዳይ ነው። ፓይ 4 የሰዓት ባትሪ የላትም። ኔት በሌለበት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጨረሻ ካስቀመጠችው ሰዓት ትቀጥላለች፤ ሎጉን (የሥራ መዝገቧን) ስታነቡ ትላንትና ዛሬ ይደባለቅባችኋል። ዲኤስ3231 የሚባለው ከነባትሪው የሚገጠም ትንሽ ሞጁል ይህን ይፈታል። ባክአፕ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምር ፕሮግራም) ስታዙ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አትጻፉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለታችሁ ከሆነ 2 በሉ፣ 8 ካላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍል ሞልቶ እያለ መገልበጥ ትጀምራለች።

አፕዴት በወር አንዴ፣ ተማሪ በሌለበት ይደረግ። ዩዘርኔምና ፓስወርዱን በታሸገ ፖስታ ርእሰ መምህሩ ዘንድ አስቀምጡ፤ እናንተ ብትዛወሩ ተተኪው ሁሉን አፍርሶ ከዜሮ እንዳይጀምር። ባክአፑ የያዘውን ሁለተኛ ዲስክ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አትርሱት። አንድ ቅዳሜ በዋናው ቦታ ሰክታችሁ መነሣቱን እዩ፤ እምቢ ካለ ሰኞ ተማሪ እስኪመጣ ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ።