ሲጥ ሲጥ የሚል አልጋን ቤት ውስጥ እንዴት ዝም ማሰኘት ይቻላል

አልጋ የሚጮኸው ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንቀሳቀሱ ነው። መላውም ሁለት ነው፤ ወይ እንዳይንቀሳቀሱ ማጥበቅ፣ ወይ ቢንቀሳቀሱም እንዳይፋተጉ መሀላቸው ለስላሳ ነገር ማስገባት። የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ከሁለቱም አይደለም። እንጨቱ ይመጠዋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከሰነበተ ይሸታል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዘይት የጠጣ እንጨት በኋላ ኮላ አይቀበልም።

የእንጨት አልጋ ክረምቱን ዝም ብሎ ከርሞ ከጥቅምት በኋላ መጮህ ከጀመረ አይግረምዎ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ሐምሌ ላይ ጥብቅ የነበረ ብሎን ታኅሣሥ ላይ የሚላላው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ያጠበቁትን በጋ ሲገባ አንዴ መድገም ያስፈልጋል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ 13 ቁልፍ ለ8 ሚሊ ብሎን፣ 10 ቁልፍ ለ6 ሚሊ፣ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ እርሳስ፣ ሻማ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ጥቂት ሰፋፊ ሮንዴላዎች (ከብሎን ጭንቅላት ሥር የሚገቡ መሀላቸው የተበሳ ጠፍጣፋ ክብ ብረቶች)። የሚጠብና የሚሰፋ ቁልፍ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ የብሎኑን ጥግ እየበላ ያሞልጨዋል። ሁለቱን ቁልፎች ተክለ ሃይማኖት ከሚገኝ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቢገዙ፣ ያገለገለ ካልጠሉ ደግሞ ምናለሽ ተራ ቢፈልጉ ያገኛሉ።

ድምፁን ማግኘት

የሥራው ትልቁ ክፍል ይኸ ነው። ብዙ ሰው ዘሎ ብሎን ማጥበቅ ይጀምርና ሁሉን አጥብቆ ሲተኛበት አልጋው እንደነበረው ይጮኻል።

ፍራሹን አንስተው ወለል ላይ ያድርጉትና በጉልበትዎ ይጫኑት። ስፕሪንግ ፍራሽ ሆኖ እዚያም ከጮኸ አልጋው ጥፋት የለበትም። ቀጥሎ ወለሉን ይጠርጥሩ። በአንዳንድ የድሮ ቤቶች ወለሉ ጣውላ ስለሆነ፣ የሚጮኸው ከአልጋው እግር ሥር ያለው ጣውላ ሊሆን ይችላል። አልጋውን አንድ ክንድ ያህል ገፋ አድርገው ይሞክሩ። ሊሾ ወለል ላይ ደግሞ ወረቀት ከየእግሩ ሥር ለማሳለፍ ይሞክሩ፤ ወረቀቱ ካለፈ ያ እግር አየር ላይ ነው። ከጎሚስታ ያረጀ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ለምነው በልኩ ይቁረጡና ሥሩ ያድርጉ። ካርቶን አጥፎ መወተፍ አያዋጣም፣ በሳምንቱ ይተኛል።

ፍራሹና ወለሉ ነፃ ከወጡ ባዶውን አልጋ ይወዝውዙ። እዚህ ላይ ጆሮዎን አይመኑ። ድምፅ በእንጨት ውስጥ ስለሚጓዝ ራስጌ የተነሣው ግርጌ የተነሣ ይመስላል። የሚያምኑት እርሳስ ነው። በየመጋጠሚያው ላይ ከእግሩ ወደ ጎን ጣውላው የሚሻገር ቀጭን መስመር ያስምሩ። አንድ ሰው የራስጌውን ጥግ ይዞ ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ እርስዎ መስመሩን ይመልከቱ። መስመሩ መሀል ላይ ተቆርጦ አንዱ ግማሽ ከፍ ዝቅ ካለ ወንጀለኛው ተያዘ። ረዳት ከሌለዎት ጣትዎን ግማሹን እግሩ ላይ፣ ግማሹን ጣውላው ላይ አሳርፈው በሌላ እጅዎ ይወዝውዙ፤ ዓይን የማያየውን መንቀሳቀስ ጣት ያውቀዋል። ሲፋተግ የኖረ እንጨት ቀለሙ ተልጦ ያብለጨልጫል፣ ወይም ሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይገኛል። ብረት ከሆነ ብናኙ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው።

ይህን ማታ ወይም በጠዋት ይሥሩት። በመስኮቱ ሥር ወያላ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ቀጭን ሲጥታ መለየት ከባድ ነው።

መጋጠሚያውን ማጥበቅ

ጥፋተኛውን መጋጠሚያ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት። ሳይፈቱ ማጥበቅ አንዳንዴ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያረጀውን ብናኝ እዚያው ጠፍጥፎ ይተወዋል። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፣ ሻማ በደንብ ያሹበት፣ ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር ሰፊ ሮንዴላ ያስገቡና መልሰው ይግጠሙ። አራቱንም ጥግ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስይዙ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ አልጋው ተጣሟል ማለት ነው፣ ገፍተው ያስተካክሉት። በቁልፍ የሚጠበቀው ከዚህ በኋላ፣ እየተፈራረቀ ነው። አንዱን ጥግ ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ አልጋውን ጠማማ አድርጎ ያስቀረዋል።

ብሎኑ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ጎን ጣውላው ውስጥ ያለችው ክብ ዳዶ (ብሎኑ የሚታሰርባት ብረት) ዞራለች። ጫፏ ላይ የካቻቢቴ መግቢያ አላት፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ መግቢያውን ከብሎኑ አቅጣጫ ጋር አስተካክለው ይዘው ብሎኑን ያስገቡ።

ቪቴው የገባበት ቀዳዳ ሰፍቶ ከሆነ ስቴኪኒዎች ኮላ ነክረው ቀዳዳው እስኪጠቀጠቅ ይክተቱ፣ ትርፉን ይቁረጡ፣ 24 ሰዓት ሳይነኩት ይቆዩ። በችፑድ ግን ይህ ዘዴ ብዙ አይቆይም፤ ችፑድ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ስለሆነ ቪቴው የሚነክሰው ጤነኛ ጭረት የለውም። እስከ ወዲያኛው ፊት በትራፓኖ (መብሻ ማሽን) በስተው፣ አሳልፎ የሚወጣ ብሎን በሁለት ሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ማሰር ነው የሚያዋጣው። ከውጭ ሲታይ አያምርም፣ ግን ይይዛል።

ጎን ጣውላው በመንጠቆ ላሜራ የሚንጠለጠል ዓይነት ከሆነ ጣውላውን ከሥር በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ ወደ ላይ እየመቱ ያውጡት። የላሜራውን ቪቴዎች ያጥብቁ። መንጠቆው አሁንም የሚወዛወዝ ከሆነ ከቢጫ ጀሪካን ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው መሀል ያስገቡ። የጀሪካን ፕላስቲክ በራሱ ያዳልጣል፣ ድምፅም የለውም። የሃይላንድ ጠርሙስ ፕላስቲክ ግን ይንኮሻኮሻል፣ ቆርቆሮማ አዲስ ጩኸት ነው።

ርብራቡ

ብዙ የሠፈር አናጺ ርብራቡን በሚስማር መትቶ ይሄዳል። እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩ ቀዳዳው ውስጥ መውጣትና መውረድ ይጀምራል፤ ጎኑን ሲለውጡ የሚሰማው አጭር ሲጥታ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሚስማሩን ደግሞ መምታት ለጥቂት ቀን ብቻ ይሠራል። በፒንሳ ነቅለው በ4 ሚሊ ውፍረት ቪቴ ይተኩት፤ ርብራቡ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው 4 ሴንቲ የሚረዝም ቪቴ ይበቃዋል፣ ጫፉ በወዲያ በኩል ብቅ እንዳይል ግን የሥሩን እንጨት ይለኩ። ርብራቡን አስቀድመው በ3 ሚሊ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ጫፍ) ይብሱት፤ ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ቪቴ ከገባበት ይሰነጠቃል። ከየርብራቡ ጫፍ ሥር ያረጀ ጋቢ ሁለት እጥፍ አድርገው ያንጥፉ። ጥጥ ስለሆነ አይጮኽም፣ ከላስቲክ ይሻላል።

ሜትር ከሃምሳና ሜትር ከሰማንያ አልጋ መሀሉ ላይ ደጋፊ እግር ይፈልጋል። እግሩ ካለም ወለሉን መንካቱን ፍራሹ ተመልሶ ሰው ሲተኛበት ያረጋግጡ፤ ባዶውን ሲያዩት የነካ ይመስላል።

ራስጌው ግድግዳ የሚነካ ከሆነ አልጋውን አራት ጣት ያህል ያርቁት።

የብረት አልጋ

የቱቦላሬ አልጋ በብሎን የሚታሰር ከሆነ ሥራው ያው ነው፤ በሻማ ፈንታ ስስ ግራሶ ይቀቡ፣ ትርፉን ፍራሽ እንዳያቆሽሽ ይጥረጉ። የሽቦ አልጋ ከሆነ ሽቦው ከማቀፉ ጋር የሚያያዝበትን እያንዳንዱን መንጠቆ ጠብታ ግራሶ ያስነኩት።

ሁሉም ጠብቆ አሁንም የሚጮኽ ብረት ብየዳው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በባትሪ ብርሃን ጥጎቹን ይፈትሹ፤ ተሰንጥቆ ከሆነ በቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር፣ ጠርዙ ላይ ዝገት ያያሉ። ይህ የብየዳ ቤት ሥራ ነው። በያጁ ቤትዎ መጥቶ የሚሠራ ከሆነ ፍራሹን፣ መጋረጃውንና ምንጣፉን ከክፍሉ ያውጡ፤ ስፖንጅ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የተበየደው ቦታ ሲቀዘቅዝ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀቡት፣ ፍራሹን የሚመልሱት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።