ቮልስን በየቀኑ ለመንዳት

ቮልሴን በየቀኑ ነው የምነዳት። ለእሁድ ብቻ አይደለም፣ ለሰርግ አጀብም አይደለም። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ መሀል ከተማ ይዛኝ ትወርዳለች፣ ማታ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። በፈረንጅ 1972 የተሠራች 1300 ናት፣ አባቴ ነው የሰጠኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «መንገድ ላይ አታስቀርህም?» እስካሁን ያስቀረችኝ ሁለቴ ነው። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ቀድመው የሚታወቁ ነገሮች ነበሩ።

ቮልስ ስትይዙ ሁሌም ማሰብ ያለባችሁ ስለ አየር ነው። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ የሚዞር ቬንትሌተር ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪ መሙላቱ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቆማል። ሌላ መኪና ላይ የዲናሞ መብራት ሲበራ ቀስ ብላችሁ ቤት ትደርሱ ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ቀዩ መብራት ከበራ እዚያው ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። የመጀመሪያው ችግሬ ይሄ ነበር። መብራቱ በርቶ እያየሁ «አራት ኪሎ ልድረስ» ብዬ ነዳሁ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተበላሸ፣ ወር ሙሉ በታክሲ ተመላለስኩ።

ትርፍ ቺንጋ ከመኪናዋ አይለይ። 21 ቁጥር ቁልፍና አንድ ጠንካራ ካቻቢቴ ካላችሁ ለመቀየር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የዲናሞው ፑሊ ሁለት ሳህን ሆኖ የተገጣጠመ ነው። ጠርዙ ላይ ባለችው ክፍት ቦታ ካቻቢቴውን አስገብታችሁ እንዳይዞር ያዙት፣ ከዚያ ዳዶውን ፍቱ። በሁለቱ ሳህኖች መሀል ስስ ሮንዴላዎች ታገኛላችሁ። ከመሀል ስትቀንሱ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ስትጨምሩ ይላላል። የቀነሳችሁትን እንዳትጥሉት፣ በውጭ በኩል ከዳዶው ሥር አስቀምጡት፣ ሌላ ቀን ያስፈልጋል። ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው።

ሞተሩን ዙሪያውን የከበቡት ላሜራዎችም የአየሩ ጉዳይ ናቸው። ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ከሚወጣው ትኩስ አየር የሚለዩት እነሱ ናቸው። ሞተር ለሥራ ወርዶ ሲመለስ ግን አንዳንድ ጋራዥ «ይሄ ትርፍ ነው» እያሉ ይጥሏቸዋል፣ ዳር ዳሩን የሚዘጋውን ጎማም አብረው ይጥሉታል፣ ከዚያ ቬንትሌተሩ ከሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትግል ደግሞ «ቮልስ ድሮም ትግላለች» ይሏችኋል። አትግልም። ሙሉ ልብሷን ካልገፈፏት አትግልም። መካኒክ ጋ ስትሰጧት ላሜራዎቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስትረከቡ አንድ በአንድ ቁጠሩ።

አሁን ወደ አነዳዱ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሞተር ሲጮህ ያዝንለታል። ዳገት ላይ አራተኛ ማርሽ ይዞ፣ ቤንዚን እስከ ወለል ረግጦ፣ መኪናዋ እያቃሰተች ይወጣል። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት መሆኑን አስታውሱ። ሞተሩ ቀስ ካለ አየሩም ቀነሰ ማለት ነው፣ ሸክሙ ግን ከብዷል። እኔን ይሄን ያስተማረኝ ዕድሜውን ሙሉ ቮልስ የሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። «ልጄ፣ ይጩህ ተወው። ሲጮህ ነው የሚተነፍሰው» አለኝ። ስለዚህ መኪናዋ ማቃሰት ሳትጀምር ቀድማችሁ ወደ ከባድ ማርሽ አውርዱ። እንጦጦን በሁለተኛ መውጣት ነውር የለውም።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ አገር እንደተሠራ ከቀረ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ ይበልጣል። ማወቅ ከፈለጋችሁ ካንዴላ ፍቱና ጫፉን እዩ። ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ሲበዛ ሚኒሞውን (መኪናዋ ቆማ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) በመነካካት ብቻ አይስተካከልም፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ ማስቀየር ነው።

ቁልቁለት ላይ ያው ምክር ነው፣ በከባድ ማርሽ። አብዛኞቹ ቮልሶች በአራቱም እግር ታምቡር ፍሬን ናቸው። ታምቡር ሲግል መያዝ ያቆማል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ከሄዳችሁ ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ፔዳሉ ልባችሁን ያስደነግጠዋል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ያዟት፣ ፍሬኑን አጠር አጠር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁ። የፍሬን ሸራው ባለቀ ቁጥር ፔዳሉ ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል። ራሱን የሚያስተካክል ነገር ስለሌለው በየጊዜው በእጅ ማጥበቅ አለባችሁ። ክረምት ላይ ውሃ አቋርጣችሁ ስትወጡ ደግሞ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ እየረገጣችሁ ጥቂት ሂዱ፣ ታምቡሩ ይደርቃል።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ነው የሚሞሉት። ቮልስ ግን ክብደቷ ከኋላ ነው። በራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 አካባቢ ይበቃታል። ከፊት 35 ሞልታችሁ ኮብልስቶን ላይ ብትነዱ መሪው ከእጃችሁ እየዘለለ ያስቸግራችኋል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ያስፈራል።

ሁለተኛው ችግሬ የቤንዚን ጎማ ነው፣ እዚህ ላይ በደንብ አንብቡኝ። ከተማችን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ቮልሶች፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ይዛ ከወጣችው ቮልስ ጋር እኩዮች ናቸው። ብረቱ 50 ዓመት ይችላል፣ ጎማው አይችልም። ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የምትሄደው ቀጭን ጎማ የምታልፈው ከትኩስ ሞተር በላይ ነው። ተሰነጣጥቃ ቤንዚን ካንጠባጠበች እሳት ነው። የእኔ ሰሚት አካባቢ ሲሸተኝ ነው የቆምኩት፣ ኮፈኑን ስከፍት ቤንዚኑ ዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ረጥቦ ነበር። አንድ ደቂቃ ብዘገይ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር። ጎማውን በየዓመቱ ቀይሩ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ጫፍና ጫፉን በማሰሪያ አጥብቁ። ታንከሩ ከፊት ስለሆነ እዚያም አንድ አጭር ጎማ አለ፣ እሱን ሰው ይረሳዋል። ሌላው እሳት ባትሪው ጋ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ከባድ ሰው ከላይ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል፣ ከነካ ወንበሩ ይቃጠላል። ክዳን አድርጉለት። ክዳን ከሌለ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት። እሳት ማጥፊያ ደግሞ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንደ ሌላ መኪና ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ከሥር የምትፈታ የሽቦ ማጥለያ ናት። መመሪያው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይላል፣ እኔ በአዲስ አበባ አቧራና ትራፊክ በየ3,000 እቀይራለሁ። ያችን ዘይት እንደ ማቀዝቀዣም አድርጋችሁ አስቧት፣ ያረጀ ዘይት ይዛችሁ ዳገት አትውጡ። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ቫልቩን አብራችሁ አስተካክሉ። ሞተሩ በደንብ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ ሌሊቱን ያደረ ቢሆን ይመረጣል። ክፍተቱ ለአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የላላ ቫልቭ ሲንኳኳ ይሰማል፣ የጠበቀ ቫልቭ ግን ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይቃጠላል። ስለዚህ «ድምፅ የለውም፣ ሰላም ነው» አትበሉ። በተለይ በፈረንጅ ከ1971 ሞዴል በፊት በተሠሩት ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚሻማው ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል።

ገና ልትገዙ ከሆነ ቀለሟን አትዩ። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ ያሉትን አሮጌዎች አሳምሮ ቀብቶ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም፣ ስቱኮ ደግሞ ብዙ ይሸፍናል። ምንጣፉን አንሱ። የባትሪው ሥር ያለውን ወለልና ከበሮቹ ሥር የሚሄደውን ብረት በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ፣ ከገባ ዝገት በልቶታል። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ የታችኛውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት ሳቡት። ኳ ኳ ካለ የሞተሩ ቤት ተበልቷል ማለት ነው፣ ይሄ ትልቅ ወጪ ነው፣ ዋጋ ላይ ተነጋገሩበት ወይም ትታችሁ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩን ከኋላ ወንበር ሥር መሀል ላይ፣ የሞተር ቁጥሩን ከዲናሞው ሥር ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ደላላው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ብዙ ዓመት ቆማ የከረመች ከሆነች በዚያው ቀን አስነስታችሁ አትንዷት። አሮጌውን ቤንዚን አስወጡ፣ ዘይቷን ቀይሩ፣ የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ ቀይሩ፣ የፍሬን ዘይቱን አስቀይሩ፣ ቺንጋውን አዲስ አድርጉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰፈር ውስጥ ብቻ ንዷት፣ ማታ ማታ ካርቶን ከሥሯ ዘርጉላት፣ ጠዋት ምን እንዳንጠባጠበች እዩ። ቤንዚን ከሆነ አታስነሷት። ዘይት ከሆነ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ካርቶኑ ሦስት ጠዋት ደረቅ ሆኖ ካደረ ወደ ሥራ ይዛችኋት ውጡ።