ጎህ ሳይቀድ ተራራ ለምትወጡ፦ ባትሪውን ከግንባር ወደ ወገብ አውርዱ

ከላሊበላ አቅራቢያ እንዳለው እንደ አቡነ ዮሴፍ ያለ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ጎህ ሳይቀድ ብቻውን የሚወጣ ሰው፣ ግንባሩ ላይ ያሰረው ባትሪ በደንብ እያበራለት እንኳ ድንጋዩ፣ የጓሳ ሣሩ ጉብታና ጉድጓዱ ሁሉ ሜዳ መስሎ ስለሚታየው ይደናቀፋል። መፍትሔው ባትሪውን አውልቆ ጃኬት በማይሸፍነው ሁኔታ ወገብ ላይ ማሰር ወይም በእጅ ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ሲነሣ የድንጋዩ ጥላ ከራሱ ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፤ ከዝቅታ ሲመጣ ግን ጥላው ረዝሞ ስለሚዘረጋ፣ ከላይ የሚመለከተው ዓይን የመሬቱን ወጣ ገባ በግልጽ ይለያል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ይጎላል፤ የጉሙ ጠብታዎችና የራስ ትንፋሽ ብርሃኑን መልሰው ዓይን ላይ የሚረጩት ምንጩ ለዓይን ሲቀርብ ነውና። የመኪና የጉም መብራት ዝቅ ብሎ የሚገጠመውም ለዚሁ ነው።

ሁለቱም እጆች ቋጥኝ መጨበጥ በሚኖርባቸው ቀጥ ያለ ገደል ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ እዚያ የሚያስፈልገው ከዓይን ጋር አብሮ የሚዞር ብርሃን ስለሆነ ባትሪው ወደ ግንባር መመለስ አለበት።